«ልጁን ውሰጅልኝ!» … ትምህርት ቤት ፍለጋ ከሮቤ እስከ ጎባ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ባሌ ሮቤ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ነበረች። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ!

«እትዬ፣ ልጁ ለመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል። የሠፈራችንን ት/ቤት ገብቼ አየሁት። ልጄን እዚያ አላስገባም። ልጁን ውሰጅልኝ!»

ውድ አንባቢያን፣ ይህቺ «ውሰጅልኝ» የምትባል ቃል ለብዙዎቻችሁ አዲስ እንዳልሆነች አውቃለሁ። አጎት ቤት፣ አክስት ቤት፣ «የአባቴ ጓደኛ» ቤት ያደጋችሁ ሞልታችኋል። እኔም አንዷ ነኝ። ከጎባ ወደ አዲስ አበባ የተላክሁት በሰባት ዓመቴ ነው። እናም እሺ ወይም እምቢ ከማለቴ በፊት፣ «መጥቼ በዓይኔ ልየውና እንነጋገራለን» አልኳት። ከመሥሪያ ቤቴ የአራት ቀን ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ።

በርግጥ እህቴ ያለምክንያት አልደነገጠችም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ያላስደነገጠው ወላጅ ማን አለ? በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ይህን የሰማች እናት የሰባት ዓመት ልጇን እያየች «ይኼ ልጅ ከየትኛው ወገን ይሆን?» ብትል አይፈረድባትም።

በበቆጂ በኩል

ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪ.ሜ ያህል ትርቃለች። እኔ የያዝኩት መኪና በአሰላ በኩል የሚሄደውን ነው። አዳማ ላይ ያወለቃችሁትን ጃኬት አርሲ ደጋ ላይ መልሳችሁ ትለብሱታላችሁ። በቆጂ ስንደርስ ሻይ ለመጠጣት ወረድን።

በቆጂን የማያውቅ የለም፤ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ናት። እነዚህን ልጆች ገና በጠዋቱ ያሯሯጧቸው ሰው ግን ማን እንደሆኑ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ስንታየሁ እሸቱ ይባላሉ። በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ሁለት ወርቅ ሲያፍሱ፣ የነገሩ መነሻ እኚህ መምህር ናቸው። ሻዬን እየጠጣሁ ስለሳቸው አሰብኩ። እኛ ለልጅ ት/ቤት ስንመርጥ የምንጠይቀው ስለ ግቢው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ዩኒፎርሙ ነው። «አንደኛ ክፍልን የሚያስተምረው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ እኔ በበኩሌ አላጋጠመኝም።

ከበቆጂ በኋላ አሳሳ፣ ዶዶላ፣ አዳባ እያሉ ሜዳውና ተራራው ይከተላሉ። ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽ/ቤት አለ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የደጋ አጋዘኑ ከመንገድ ዳር ቆሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ቁልቁል ወርደን ሮቤ ገባን።

የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለቴ ያመርታል፤ ስለዚህ ግንቦት ላይ አገሩ አረንጓዴ ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ ጭቃ! ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ስንዴ የጫነው አይሱዙ፣ ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ይጋፋል። እህቴ ከመናኸሪያ ተቀብላኝ ገና ቤት ሳንደርስ ጣቶቿን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። አምስት መንገድ አለ አለችኝ። የሠፈሩ ት/ቤት፣ አስፋልት ማዶ ያለው «ጥሩ ስም ያለው» ት/ቤት፣ የግል ት/ቤት፣ ጎባ ማመላለስ፣ አለበለዚያም እኔ።

አድራሻ መበደር

በማግሥቱ የጀመርነው አስፋልት ማዶ ካለው ነው። ይህ የመንግሥት ት/ቤት ስሙ ከተማውን ሞልቶታል፤ ሆኖም ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚያው ቀበሌ (እዚያ «ጋንዳ» ይሉታል) ልጆች ነው። እህቴ መላውን ቀድማ አዘጋጅታለች። የሥራ ባልደረባዋ እዚያ ጋንዳ ስለምትኖር ልጁ «ከሷ ጋር ይኖራል» ተብሎ ይመዘገባል!

እዚህ ላይ እህቴን የሚኮንን ካለ ትንሽ ይታገሥ። የሠፈሩ ት/ቤት አልጥም ሲል በአድራሻ መጫወት በዓለም ሁሉ አለ። እንግሊዝ አገር ጥሩ ስም ያለው የመንግሥት ት/ቤት አጠገብ ያለ ቤት ዋጋው ይሰቀላል፤ ለምዝገባ ሲሉ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ቤት የሚከራዩ፣ የአያት አድራሻ የሚሰጡም አሉ። ቤጂንግ ላይ ለልጅ ት/ቤት ሲባል ያረጀች ጠባብ ክፍል በውድ ዋጋ ትገዛለች። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እነሱ ቤት ይቀይራሉ። እኛ ቤት መቀየር ሲያቅተን ልጁን አንሥተን ዘመድ ዘንድ እንልከዋለን። ማለትም እናት እንቀይርለታለን።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የዚያን ስመ ጥር ት/ቤት አንደኛ ክፍል በመስኮት አየሁት። ልጆቹን ለመቁጠር ሞከርኩ፤ 97 ላይ ተምታታብኝ። በአገራችን መመዘኛ በአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል መያዝ ያለበት 50 ተማሪ ነው። ምክትል ዳይሬክተሩን ለምን እንዲህ እንደበዛ ስጠይቃቸው ሳቁ። «እቴ፣ ስማችን ጥሩ ስለሆነ ነዋ! ከጋንዳችን ልጅ ይልቅ ‹የአክስቴ ልጅ ነው› የሚባለው በዝቷል። በዚህ ከቀጠለ ስሙም አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። እህቴ አንገቷን ደፋች፤ ከባልደረባዋ የተዋሰችው መታወቂያ በቦርሳዋ ውስጥ ነበርና።

የግል ት/ቤቱ ጋር ስንሄድ አጥሩ ላይ ሚኪ ማውስ ተስሏል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ልጆቹ 35 ናቸው። ወደድኩት። አንዱን ልጅ ቀስ ብዬ «መምህርሽ ማናት?» ስለው… ይቅርታ፣ ስላት፣ «የትኛዋ?» አለችኝ። ለካ በዓመቱ ውስጥ ሦስተኛ አስተማሪያቸው ኖሯል! የሚከፈላቸው አነስተኛ ስለሆነ የተሻለ ሲያገኙ ይሄዳሉ። ክፍያውን ደግሞ እህቴና ባሏ በሁለት ደመወዝ ለአንድ ልጅ እንደምንም ይችሉታል። ታናሿ ስትደርስስ? ዝም ተባባልን።

የጎባው ሚኒባስ

ጎባ ከሮቤ 14 ኪ.ሜ ናት፤ ከፍ ትላለች፣ ትበርዳለች፣ ጉም አይለያትም። በ1952 ዓ.ም ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማዋ ጎባ ሆነች። በዚህ የተነሣ በኛ ቤተሰብ ዘንድ «ሮቤ ለገበያ፣ ጎባ ለትምህርት» የሚባል የቆየ ኩራት አለ። ዛሬ የዞኑ መቀመጫም፣ የዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢም ሮቤ ነው፤ ኩራቱ ግን አልለቀቀም። ልጃቸውን ሮቤ እያሳደሩ ጎባ የሚያስተምሩ ጎረቤቶች አሉ።

ከነዚህ የአንዷን ልጅ ይዤ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድኩ፤ ከሰዓት በኋላም ይዣት ተመለስኩ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስንመለስ ገና ጎባን ሳንወጣ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ሮቤ ስንደርስ ቀሰቀስኳት፤ እግሯ እየተጎተተ ወረደች። «ቤት ስትደርሺ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «እተኛለሁ» አለች። በቃ፣ ጨዋታም የለ፣ ጥናትም የለ። መንገዱ ልጅቷን ይበላታል።

በመካከሉ፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ሳለች፣ እናቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። እናቴ ዛሬም ጎባ ናት፤ ያው ከተጎና ወንዝ ብዙም የማይርቀው ቤት።

እዚህ ጋ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1986 ዓ.ም አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ተወሰነ። ጎባ ላይም ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ሆነ። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው። አባቴ ለሥራ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና ተጨነቀ፤ «ልጄ ግራ ይገባታል» አለ። በ1987 ዓ.ም አንዲት ቆርቆሮ ሙሉ ጭኮ አስይዘው አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። በየክረምቱ እመለስ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አክስቴን «እማዬ» እል ጀመር። እናቴን ደግሞ በስሟ።

አባቴ ካረፈ በኋላ የእህቴ ተራ ደረሰ። እናቴ «አንዷን ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛዋን አልሰጥም» ብላ የሠፈሩ ት/ቤት አስገባቻት። ያኔ ሁሉም «ልጅቷን ገደለቻት» አላት። እኔስ? አልዋሻችሁም፤ አዲስ አበባ ጠቅማኛለች። ተምሬያለሁ፣ ዲግሪ ይዣለሁ፣ ሥራ አለኝ። የተላከ ሁሉ ተጎዳ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን እህቴም ተምራለች። አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ጨርሳ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ከሌሎቹ እኩል ታግላ፣ ዛሬ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የሮቤ ገበያ ውስጥ የሐረና ማር ልገዛ ስቆም ሻጯ በኦሮምኛ አዋራችኝ፤ እንደ ድንጋይ ቆምኩ። እህቴ መለሰችላት፣ ተከራከረች፣ ተሳሳቁ። ከዚያ ሻጯ እኔን እያየች ምን እንዳለች እህቴ ተረጎመችልኝ። «እንግዳሽ ከየት አገር ናት?» ኖሯል። ተወልጄ ባደግሁበት አገር!

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እናቴን ጠየቅኋት። «ልጁን ልውሰደው?»

ስኒውን እያጠበች ትንሽ ቆየች። «አንቺን ለትምህርት ሰጠሁ። ትምህርቱን አገኘሽ፤ እሰየው። እኔ ግን አንቺን አላገኘሁም። በክረምት የምትመጣ እንግዳ ነበርሽ» አለችኝ። ቀጥላም «እንደወደዳችሁ አድርጉ፤ የኔ ጊዜ አልፏል» ብላ ሦስተኛውን ቀዳችልኝ። ለሠላሳ ዓመት ስትይዘው የኖረችውን ቃል ስኒ እያጠበች ተናገረችው።

ሳነቴ ላይ

በሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። አንድ ዘመዳችን ወደ ዶሎ መና የሚሄድ መኪና ስላለው ልጁን፣ እህቴንና እኔን ሳነቴ ድረስ ይዞን ወጣ። ከጎባ በላይ ጫካው ያልቅና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ይዘረጋል። ቱሉ ዲምቱ ራሱ 4,377 ሜትር ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጅብራው እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ቆሟል።

ቀይ ቀበሮዋን መጀመሪያ ያያት ልጁ ነው። አፍንጫዋን መሬት ላይ አድርጋ ፍልፈል ታድናለች። «አክስቴ፣ ጄዳላ ፈርዳ!» ብሎ ጮኸ። ምን ማለት ነው ስለው «የፈረስ ቀበሮ። ፈረስ ስትወልድ ትከተላለች» አለኝ። «ማን ነገረህ?» «ጓደኞቼ።» ከዚያም ስለ ፍልፈሉ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሐይቁ በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀለ ሲያስረዳኝ ዋለ። ይህ ልጅ አዲስ አበባ ቢመጣ የኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ከሥራ እስክገባ ድረስ ከሠራተኛ ጋር በር ተዘግቶበት ቴሌቪዥን ያያል። በኔ ሠፈር ያለው የመንግሥት ት/ቤት የተሻለ ይሁን አይሁን እንኳ ገብቼ አላየሁትም! ለካ እህቴ «አዲስ አበባ» የምትለውን ስም ብቻ ነው ያየችው፤ እኔም በስሙ ብቻ ነው የኮራሁት።

የሠፈሩን ት/ቤት ገብቶ ማየት

ሰኞ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈሬ በፊት፣ የተጠላውን የሠፈር ት/ቤት አየሁት። ከእህቴ ቤት አሥር ደቂቃ በእግር ነው። እህቴ የተናገረችው እውነት ነው። 84 ልጅ ቆጠርኩ። ለሦስት የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ተቀምጠዋል። መስኮቱ መስተዋት የለውም። ሽንት ቤቱን ባልነግራችሁ ይሻላል፤ ሴት ልጅ እስከ ቤቷ ይዛ ትሄዳለች። ትምህርቱ በፈረቃ ነው።

ግን አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። አስተማሪዋ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ፊደላቱን ጽፋ ግድግዳውን ሞልታዋለች። 84ቱን ልጆች በየስማቸው ትጠራለች። አንዱ ሲሳሳት የጎኑ ልጅ እንዲረዳው ታደርጋለች። በዚያ ክፍል ስታስተምር አራተኛ ዓመቷ ነው። በእረፍት ሰዓት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጠርቼ መጽሐፏን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። እህቴ ጎኔ ሆና አዳመጠች። ልጅቷ አነበበች፤ ቀስ እያለች ግን ሳትደናቀፍ።

ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በገዛ ቋንቋቸው አንዲት ቃል ማንበብ ተስኗቸው ነበር። እህቴ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «እስቲ ላስብበት» አለች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት

ልጅ ያላችሁ፣ ወይም «ውሰጅልኝ» የምትባሉ ወጣቶች፣ ይህቺን ከኔ ውሰዱ።

አንደኛ፣ ት/ቤቱን ከአጥር ውጭ አትፍረዱበት። በትምህርት ቀን ፈቃድ ጠይቃችሁ ግቡ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪውን እዩ፤ በዚያ ክፍል ስንት ዓመት እንደቆየም ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ልጅ አስነብቡ። ከካርድ ይልቅ ይህ እውነቱን ይነግራችኋል። መንግሥትም ት/ቤቶችን መርምሮ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል፤ 3 እና 4 መመዘኛውን ያሟሉ ማለት ነው። ዳይሬክተሩን ደረጃችሁ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛ፣ መንገዱን ከልጁ ጋር አንድ ቀን ሂዱት፤ ሄዳችሁም ተመለሱት።

አራተኛ፣ ልጁ በምን ቋንቋ እንደሚጫወት አዳምጡ። እኛ የምንፈራው ቋንቋ እሱ ኳስ የሚጠይቅበት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ አድራሻ ከመበደራችሁ በፊት ሌላውም እንደናንተው እንደሚበደር አስቡ።

ስድስተኛ፣ ልጁን መላክ ግድ ከሆነ፣ የሚሄድበትን ት/ቤት አስቀድማችሁ እዩ እንጂ የከተማውን ስም ብቻ አትመኑ። የሚቀበለው ሰውም ማታ ስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚገባ ጠይቁ።

ልጁ በመስከረም የሠፈሩ ት/ቤት፣ ያቺው አስተማሪ ዘንድ ገባ። ተረት አይደለምና ሁሉም አማረ አልላችሁም። ክፍሉ ዛሬም እንደታጨቀ ነው፤ አስተማሪዋ ነገ ትዛወር ይሆናል። ግን እህቴ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ አባል ሆናለች። የሽንት ቤቱን ጉዳይ በየስብሰባው ስለምታነሣ «ወይዘሮ ሽንት ቤት» የሚል ስም ወጥቶላታል። እሷም አልጠላችውም፤ ለሴቶቹ ለብቻ የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሯልና። እኔ ለልጁ ኑሮ ላወጣ የነበረውን ከፍዬ በየወሩ የተረት መጻሕፍት እልካለሁ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። እህቴ መስላኝ «አቤት» አልኩ። ልጁ ነው። «አክስቴ፣ ላንብብልሽ?» ብሎ በኦሮምኛ አንድ ገጽ አነበበልኝ። ከሦስት ቃል በቀር አልገባኝም። «ምን ማለት ነው?» አልኩት። «ለክረምት ስትመጪ አስተምርሻለሁ» አለኝ።

እኔም እሺ ብያለሁ። ቸር እንሰንብት!